ከጭረቷ ቀጥሎ ያለችው ፊደል

በእናቴ ቤት ጓዳ፣ የበርበሬው ማዳበሪያ ከሚደገፍበት ግድግዳ ሥር፣ ማንም የማይነካቸው ካርቶኖች አሉ። ጓዳው ቀለም ሊቀባ ዕቃው ሲወጣ አንዱን ከፈትኩት። መጀመሪያ ያገኘኝ የበርበሬ ብናኝ ነው። እሱ በረድ ሲል ከሥሩ ሌላ ሽታ መጣ፤ የፎቶኮፒ ቀለምና ዝናብ የነካው ወረቀት ሽታ። በጥቁር ፕላስቲክ የተጠረዘ የሲ ቋንቋ ማስተማሪያ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የገጾቹ ዳር ቡናማ ሆኗል። መሀሉን ገለጥ ሳደርገው በእርሳስ የሳልኳቸው ሳጥኖች ብቅ አሉ፤ በተርታ የተደረደሩ፣ ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባቸው። በዜሮው ሳጥን የፕሮግራሙ ስም፣ በአንደኛው አንዲት ጭረትና አንዲት ፊደል፣ በሁለተኛው የፋይል ስም አለ። በመጨረሻው ሳጥን ምንም የለም፤ ባዶነቱን ለማሳየት ሰያፍ መስመር አስምሬበታለሁ።

ተማሪ ሳለሁ፣ አራት ኪሎ፣ የኮምፒውተር ላቡ በር ላይ፣ ጫማችንን እናወልቅ ነበር። አቧራ ማሽኖቹን ይጎዳል ስለሚባል በካልሲ ነበር የምንገባው፤ የወለሉ ቅዝቃዜ በክረምት እስከ ጉልበት ይዘልቃል። መጋረጃው ወፍራም፣ ክፍሉ ከፊል ጨለማ። ሞኒተሮቹ ጀርባቸው የሰፋ፣ ገና ሲበሩ የሚያቃስቱ፣ ክንድ ሲጠጋቸው ፀጉር የሚያቆሙ ነበሩ። ማሽኑ ከተማሪው ስለሚያንስ በአንዱ ፊት ለሁለትም ለሦስትም እንቀመጣለን። መብራት ሲጠፋ ከየጠረጴዛው ሥር የዩፒኤሶቹ ጩኸት ይነሳና ሁሉም ሥራውን ሴቭ ለማድረግ ይሽቀዳደማል።

አብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ ነበር የተጫነው። በአንደኛው ጥግ ግን ሊኑክስ ያለባቸው ጥቂት ማሽኖች ነበሩ። ሲበሩ ሥዕል የላቸውም፤ በማውስ የሚነካ ነገር የላቸውም፤ ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ ብቻ። የሲ ትምህርታችን እዚያ ጥግ ነበር። መጀመሪያ ሳያት ያቺ ጠቋሚ የምታስፈራ ነበረች፤ ምን እንደምትፈልግ አትናገርም፣ ምን ልትሰጥ እንደምትችልም አታሳይም። ጠይቅ፣ እመልሳለሁ ዓይነት ነገር ናት። የሚጠየቅበትን መንገድ ማወቅ ያለበት ግን ጠያቂው ነው።

መምህራችን ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ማሽን ፊት ከመቀመጣችን በፊት ፕሮግራሙን በወረቀት እንድንጨርስ ያዙናል። የሰጡን ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፦ የአንድን ፋይል መስመሮች፣ ቃላትና ባይቶች የሚቆጥር ፕሮግራም። ዩኒክስ ላይ ይህን የሚሠራ ደብልዩ ሲ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጭረት ኤል ሲሰጡት መስመር፣ ጭረት ደብልዩ ሲሰጡት ቃል፣ ጭረት ሲ ሲሰጡት ባይት ይቆጥራል። እኛም የሱን ዓይነት እንድንጽፍ ነበር። የመቁጠሩ ክፍል ብዙም አላስቸገረን። ወስደን ስናሳያቸው ግን ቆጠራውን በዓይናቸው እንኳ አልነኩትም። «ይሄን ተዉት። ሰውየው የሚፈልገውን እንዴት ሰማችሁት?» አሉን።

ከሴሚስተሩ ትልቁን ክፍል የወሰደው ይህ ጥያቄ ነው።

ሲ ቋንቋ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ሁለት ነገር ይረከባል፤ ስንት ቃል እንደተጻፈለትና ቃላቱን ራሳቸውን። ቁጥሩ አርግ ሲ፣ ዝርዝሩ አርግ ቪ ይባላል። ስለተጻፉት ቃላት ከዚህ ሌላ ማንም ምንም አይነግረውም። ጭረት የቀደማት ቃል ምርጫ ትሁን የፋይል ስም፣ ሦስት ፊደላት ተጣብቀው ሲመጡ ሦስት ጥያቄ ይሁኑ አንድ፣ ቋንቋው አያውቅም፤ ለሱ ሁሉም ተከታታይ ባይት ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው።

እናም በወረቀት ጻፍን። ከአንድ ጀምር፤ ዜሮው የራስህ ስም ነው። ቃሉን ውሰድ። የመጀመሪያዋ ምልክት ጭረት ናት? ካልሆነች የፋይል ስም ላይ ደርሰሃል፣ ቁም። ከሆነች ቀጥሎ ያለችውን ፊደል እይ፤ ኤል ከሆነች ይህን፣ ደብልዩ ከሆነች ያን አድርግ። ከጥቂት መስመር አይበልጥም። ወረቀቱን ይዘን ስንቀርብ መምህራችን የእርሳሳቸውን ጫፍ አንዱ መስመር ላይ ያሳርፉና ይጠይቃሉ። «ሦስቱን አጣብቆ ቢጽፍስ?» እውነት ነው፤ በአንዲት ጭረት ኤል ደብልዩ ሲ ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ተመልሰን ከሉፑ ውስጥ ሌላ ሉፕ ጨመርን። «ጭረቷን ብቻዋን ቢጽፍስ?» ያቺ በልማድ፣ ፋይል አትክፈት፣ ከኪቦርድ ወይም ከሌላ ፕሮግራም የሚመጣልህን አንብብ ማለት ናት። እንደገና ተመለስን። «ዋጋ የምትፈልግ ፊደል ብትሆንስ? እስከ ስንተኛው መስመር እንደምትቆጥሩለት ሊነግራችሁ ቢፈልግ?» ዋጋው ከፊደሏ ጋር ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል፤ ክፍተት ኖሮት በሚቀጥለው ሳጥን ሊመጣም ይችላል። ሁለቱንም መቀበል ነበረብን። «ዋጋው ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ቢሆንስ?» እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የመቀነስ ምልክቷና የምርጫዋ ጭረት አንድ ናቸውና። መልሱ ዘግይቶ መጣልን፦ ዋጋ የምትፈልግ ፊደል ካነበብክ በኋላ የሚቀጥለውን ሳጥን እንዳለ ውሰድ፣ በምን እንደሚጀምር አትጠይቅ። «እሺ፣ ቀጣይ ሳጥን ባይኖርስ?» በመጨረሻዋ ሳጥን ላይ ሰያፍ መስመር ያሰመርኩት ያን ዕለት ነው። ሲ የቃላቱን ዝርዝር የሚዘጋው በባዶ አድራሻ ነው፤ ያንን ሳያይ የሚያልፍ ፕሮግራም የሱ ያልሆነ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይገባል።

ወረቀቶቹ ላይ የማጥፊያ ላጲስ ያደከማቸው፣ እስከ መቀደድ የሳሱ ቦታዎች አሁንም ይታያሉ። እንዲያው ስዳስሳቸው ጣቴ ሥር ሻከር ይላሉ።

መምህራችን ያንን የኮድ ክፍል በር ላይ ቆሞ እንግዳ ከሚቀበል ሰው ጋር ያመሳስሉት ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ምንም ያህል ቢያምር፣ እንግዳው መጀመሪያ የሚያውቀው የተቀበለውን ሰው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያላወቃት ፊደል ስትመጣ ዝም ብሎ መዝለል ክልክል ነበር። የቷን ፊደል እንዳላወቀ መናገር አለበት፤ የሚያውቃቸውን መዘርዘር አለበት፤ ይህን ሁሉ ከውጤቱ ጋር ሳይቀላቅል ለስህተት በተለየው መውጫ መጻፍ አለበት፤ ሲያበቃም አለመሳካቱን ለጠራው እንዲያሳውቅ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር መልሶ መውጣት አለበት። ከማርካችን ብዙውን የሚይዘው ይህ ነበር። ቆጠራው ፍጹም ትክክል ሆኖ መልእክቱ የተድበሰበሰ ሥራ ዝቅተኛ ማርክ ይዞ ይመለሳል። ያኔ ብዙዎቻችን አጉረምርመናል። እኔ ዛሬ የሌላ ሰው ፕሮግራም ስከፍት በመጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ ሰው ሲሳሳት ምን ይለዋል?

ወረቀቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ጌትኦፕትን ያሳዩን። አንድ ጥሪ ነው። የምታውቃቸውን ፊደላት በአንድ ሰንሰለት ጽፈህ ትሰጠዋለህ፤ ዋጋ የምትፈልገዋን ፊደል ሁለት ነጥብ ታስከትላታለህ። ከዚያ ደጋግመህ ትጠራዋለህ። በእያንዳንዱ ጥሪ አንዲት ፊደል ይመልሳል፤ ያላወቃት ስትመጣ የጥያቄ ምልክት፣ ምርጫዎቹ ሲያልቁ ከዜሮ በታች አንድ። ዋጋው ኦፕትአርግ ውስጥ ይቀመጣል፤ የትኛው ሳጥን ላይ እንደቆመ ኦፕትኢንድ ይነግርሃል። እኛ ስንደልዝ የከረምነው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ የተጣበቁት ፊደላት፣ የተጣበቀው ዋጋ፣ የጎደለው ዋጋ። አጠገቤ የምትቀመጥ የክፍላችን ልጅ ኮዱን አንብባ ስትጨርስ ወረቀቶቿን በዝግታ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። አልተናደደችም። «እኛም ደርሰንበት ነበር እኮ» አለች።

ከየት እንደመጣም ነገሩን። ዩኒክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በሚገኘው ቤል ላብስ፣ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ። በዚያ ዘመን ዋናው መጻፊያቸው ስክሪን አልነበረም። ይጽፉበት የነበረው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በወረቀት ጥቅል ላይ የሚያትም፣ በሰከንድ ከ10 ፊደል የማይበልጥ መሣሪያ ነው፤ ቁልፎቹም ክብደት ነበራቸው። ትእዛዞቹ ሁለት ፊደል፣ ምርጫዎቹም አንድ ፊደል ሆነው የቀሩት ከዚህ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ላይ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤል ኤስ ያኔውኑ ጭረት ኤልን ይቀበላል። እኔ አራት ኪሎ ተቀምጬ በካልሲ የጻፍኳት ጭረት ኤል ያቺው ናት። መምህራችን ይህን ሲነግሩን ኪቦርዱን በሁለት ጣታቸው፣ በኃይልና በዝግታ እየተጫኑ አሳዩን፤ ታክ፣ ታክ፣ ታክ። አጭር ፊደል ማለት ለደከመ ጣት ማሰብ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን ሁሉም ፕሮግራም በየራሱ መንገድ ነበር የሚያነበው። ጌትኦፕት ይህን አንድ ለማድረግ የመጣ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ዳላስ በተካሄደው የዩኒፎረም ጉባኤ ላይ ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ሰጠው። ከሱ በፊት የተወለዱት መሣሪያዎች ግን የልጅነት አነጋገራቸውን አልለቀቁም፤ ፋይሎችን የሚጠቀልለው ታር ዛሬም ያለ ጭረት ፊደል ይቀበላል፤ ውሂብ የሚገለብጠው ዲዲም ምርጫዎቹን በእኩል ምልክት ነው የሚያነበው። የዊንዶውስ ቀዳሚ በሆነው በዶስ መንደር ደግሞ ምርጫ የሚጀምረው በጭረት ሳይሆን ወደ ቀኝ በሚያዘነብለው ሰያፍ መስመር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በዶስ 2.0 ፎልደሮች ሲመጡ ያ ምልክት ተይዞ ስለተገኘ የፎልደር መለያው ወደ ግራ ያዘነበለው ሆነ። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ሁሉ በየቀኑ የሚያያት ያቺ የተገላቢጦሽ መስመር የመጣችው ከዚህ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትዝ ይለኛል። ከቡድኖቹ በአንዱ ፎልደር ውስጥ ስሙ በጭረት የሚጀምር ፋይል ተፈጠረ። እንዴት እንደመጣ ማንም አላወቀም። ሊያጠፉት ሲሞክሩ ማጥፊያው ስሙን እንደ ምርጫ ፊደላት ያነበውና ይህችን አላውቃትም ይላል። ሊከፍቱት ሲሞክሩ መክፈቻውም እንደዚያው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገቡት፤ ምንም ለውጥ የለም፣ ምክንያቱም የተጻፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ ፕሮግራሙን የሚጠራው ሼል ጥቅሱን አውልቆ ነው ቃሉን የሚያስረክበው፣ ፕሮግራሙ ጥቅስ እንደነበረ እንኳ አያውቅም። ክፍሉ ሁሉ ያንን ማሽን ከበበው። መምህራችን መጡ፤ ከትከሻችን በላይ ትንሽ አዩና ከፋይሉ ስም በፊት ሁለት ጭረት ጻፉ፣ ከኋላቸው ክፍተት፣ ከዚያ ስሙን። ፋይሉ ጠፋ። ሁለት ጭረት ብቻቸውን ሲቆሙ፣ ምርጫ እዚህ ላይ አበቃ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ስም ነው ማለት ናቸው። ይህችን ደንብ አስተምረውናል፤ በወረቀታችንም ላይ ነበረች። በተግባር ሳያት ግን ሌላ ነገር ሆነችብኝ። ምርጫና ስም የሚለዩበትን ወሰን ሰው ራሱ ማበጀት እንደሚችል፣ ማሽኑም ያንን ወሰን እንደሚያከብር አየሁ።

ከምርጫው ስም በፊት ሁለት ጭረት ሆነው ሲመጡ ደግሞ ሙሉ ቃል ያስከትላሉ። ይህን ያስፋፋው ነጻ ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው የግኑ ፕሮጀክት ነው። የደከመው ጣት ዘመን አልፎ ስክሪን ሲመጣ፣ ሰው ፊደል ከመሸምደድ ይልቅ ቃል ማንበብ እንደሚቀለው ታሰበ። ጌትኦፕት ሎንግ የሚባለው ጥሪ የመጣው በዚህ ነው።

አንድ ምሽት ላቡ ሊዘጋ ሲል የሞከርኩት ነገር አለ። የኛ የቆጠራ ፕሮግራም ለምን በኛ ፊደል አይታዘዝም? የኢትዮጵያ ፊደል፣ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። እኛ ስንማር ብዙው የአማርኛ ጽሑፍ ገና በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ነበር፤ ተርሚናል ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ያን ምሽት ግን በዩኒኮድ የተጻፈች «ሀ» ከሌላ ፋይል ቀድቼ በጌትኦፕት ሰንሰለት ውስጥ አስገባኋት፤ ምርጫዬንም «-ሀ» ብዬ ሰጠሁት። የመለሰልኝ ሦስት ባይት ነው፤ በሦስት ጥሪ፣ አንድ በአንድ፣ አንዱም «ሀ» ያልሆነ። በሰንሰለቱ ውስጥ የሌለችውን «መ»ን ስሰጠው ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ አለና በሦስተኛው ብቻ አጉረመረመ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ለዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ ለደብልዩ ሲ ጭረት ሲ ግን ዘጠኝ ባይት። ጌትኦፕት ምርጫ ማለት አንድ ባይት ነው ብሎ ስለሚያምን ፊደላችንን ሦስት ቦታ ቆራርጦ እያንዳንዱን ስባሪ እንደ ፊደል ይጠይቃል። «ሀ» እና «መ» ደግሞ የመጀመሪያ ሁለት ባይታቸው አንድ ስለሆነ ለሱ ዘመዳሞች ናቸው። ዩቲኤፍ-8ን የነደፉት ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ እራት ሲበሉ፣ ከሳህኑ ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ። ዩኒክስን የጀመረው ያው ሰው የዓለም ፊደል ሁሉ የሚያልፍበትን መንገድ ጠርጓል፤ የዩኒክስ ምርጫ አንባቢ ግን የተሠራው ያ መንገድ ከመኖሩ በፊት ነው። ማንንም ለመውቀስ አልፈለግሁም። አንድ ባይት አንድ ፊደል በነበረበት አገር የተጻፈ ኮድ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ረጅሙን መንገድ ሞከርኩ። ሁለት ጭረት፣ ከዚያ «መስመር» የሚለውን ቃል። ሠራ። ጌትኦፕት ሎንግ ሙሉ ቃል ከሙሉ ቃል ጋር ባይት በባይት ስለሚያስተያይ ፊደሉ የማን እንደሆነ አይገደውም። መምህራችንን ጠርቼ «--መስመር» ብዬ ጻፍኩላቸው። ቁጥሩ ሲወጣ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና «እስቲ አንተ፣ እንደገና ጻፈው» አሉኝ። ደጋግሜ ጻፍኩላቸው። እሳቸው በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዱ፤ አልተገናኘንም።

አሁን የምሠራው በፓይተን ነው። አርግፓርስ የሚባለው ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ፓይተን 3.2 ውስጥ አብሮ አለ፤ ዛሬ ከኔ ጋር የሚሠሩት ልጆች የሚያውቁት እሱን ነው። የምርጫውን ስም፣ ዓይነቱንና አንድ መስመር ማብራሪያ ትነግረዋለህ፤ የቀረውን ሁሉ እሱ ይሠራል፤ የእርዳታውን ገጽ ሳይቀር። በፓይተን 3 ጽሑፍ ገና ከመጀመሪያው ዩኒኮድ ስለሆነ «-ሀ»ን እንደ አንዲት ፊደል ይቀበላል። የተለዋዋጩንም ስም በግዕዝ መጻፍ ይቻላል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ማታ ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ፤ ያቺ በሦስት ተቆርጣ የተመለሰችብኝ ፊደል ሙሉ ሆና ስታልፍ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጆቹ ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ አይገባቸውም። እንዳይገባቸው ሆኖ መሠራቱ ደስ ይለኛል።

ከወረቀቱ ዘመን የናፈቀኝ ነገር ግን አለ። ከልጆቹ አንዱ በቅርቡ፣ የኮከብ ምልክት ስጽፍ ፕሮግራሜ ለምን ኮከቡን አያየውም ሲል ጠየቀኝ። በዩኒክስ ኮከቧን ወደ ፋይል ስሞች ዘርዝሮ የሚያስረክበው ሼሉ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያየው ዝርዝሩን ብቻ ነው። በዊንዶውስ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚረከበው ሙሉውን መስመር ነው፤ መቆራረጡም ኮከቧን መዘርዘሩም የራሱ ሥራ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ሰው በጻፈውና ፕሮግራሙ በሚሰማው መካከል ሌላ እጅ እንዳለ አይቶ አያውቅም ነበር። ሳጥኖቹን ሳልኩለት። ከዜሮ ጀምሬ።

እነዚያን ሳጥኖች ለራሴም መሣል የግድ የሆነብኝ ዘንድሮ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያጠራ መሣሪያ እየሠራን ነው፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ ያደርጋል፣ ሥርዓተ ነጥብ ያስተካክላል። ምርጫዎቹ ሁሉ በአማርኛ ናቸው። ብዙ ሳይሄድ ችግሩ መጣ። መልእክት ሳያወጣ ዝም ብሎ እንዲሠራ የሚያዝዘውን ምርጫ «--ጸጥታ» ብዬ ሰይሜው ነበር፤ ከሞከሩት ሰዎች ግማሾቹ «--ፀጥታ» ብለው ጻፉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለአርግፓርስ ሁለቱንም ስሞች መንገር ይቻላል። «--ሥርዓት» ላይ ስደርስ ግን የሠው ሁለት መልክ ከዓው ሁለት መልክ ጋር ሲባዛ ዝርዝሩ አራት ሆነ፤ ሌላው ቃል ሲመጣ ከዚያም በላይ። ጌትኦፕትን በጻፉት ሰዎች ቋንቋ ይህ ጥያቄ በዚህ መልኩ አይመጣም፤ አንድ ቃል በአራት ትክክለኛ መልክ አይጻፍላቸውም።

ስለዚህ ላይብረሪው ከማንበቡ በፊት ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያይ ሉፕ በእጄ ጻፍኩ። ከአንድ ጀምር፤ ዜሮው የራስህ ስም ነው። ቃሉ በጭረት ካልጀመረ አትንካው፤ ሠርግ የሚል ፋይል ያለው ሰው ሰርግ ብለን ብንከፍትለት ፋይሉን አያገኘውም። በጭረት ከጀመረ ሞክሼዎቹን አንድ አድርግ፤ ግን እስከ እኩል ምልክቷ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዋጋ የሰውየው ነው። ዋጋ የምትፈልግ ፊደል ካለፈች የሚቀጥለውን ሳጥን እንዳለ ተወው። ሁለት ጭረት ብቻቸውን ከመጡ ሥራህ አብቅቷል። ዎርድ ላይ ተጽፎ የሚላክ መመሪያ ሁለቱን ጭረት ወደ አንድ ረጅም መስመር ስለሚቀይራቸው እሷንም እንዲያውቅ አደረግሁ። በስተመጨረሻ ኮዱን ሳየው የመምህራችን ጥያቄዎች በሙሉ በየመስመሩ አሉ፤ ማንኛውም ላይብረሪ እኔን ሆኖ አይጠይቅልኝም ነበር።

የቀረው የስህተት መልእክቱ ነበር። አርግፓርስ የራሱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በሌላ ቋንቋ መተካት ይቻላል። እንግሊዝኛው ለማን እንደሚናገር ሳይወስን ማለፍ ይችላል፤ አማርኛው አይችልም። የሚጽፈው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን አዛውንት ፕሮግራሙ አያውቅም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተከራከርን። ወጣቶቹ አጠር ያለና ማንንም የማይጠራ አማርኛ ፈለጉ። እኔ በአንቱታ እንዲሆን ጠየቅሁ፤ መሣሪያውን ከሚጠቀሙት መካከል በሙሉ ዕድሜያቸው መጽሐፍ ሲያርሙ የኖሩ ሰዎች አሉና። በዚሁ ተስማማን። አሁን ያላወቃትን ምርጫ ሲያገኝ መጀመሪያ የተጻፈችውን እንደተጻፈች ይደግማታል፣ ሞክሼዋን ሳይቀይር። ቀጥሎ ይህችን ምርጫ አላወቅኋትም ይላል። ከዚያ በመልክ ቅርብ የሆነችውን ምርጫ ያሳይና፣ ሙሉውን ዝርዝር ለማየት ከፈለጉ «--እርዳታ» ብለው ይጻፉ ይላል። «--ርዳታ» ብለው ቢጽፉም ይከፍትላቸዋል።